አንዲት የማሲንቆ ዑደት በዌቭቴብል ውስጥ ለምን ትሞታለች?

የቦርከናው (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ። ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ ቤት ሄጄ ማሲንቆ ሲጫወቱ በስልኬ ቀዳኋቸው። የፈለግሁት ዘፈን አልነበረም፤ ጣታቸውን ጭራው ላይ ሳያሳርፉ ደጋኑን ብቻ በረጅሙ እንዲስቡልኝ ጠየቅኋቸውና፣ «ይህ ደግሞ ምን ይጠቅምሃል?» እያሉም ቢሆን ሦስት ሰከንድ የሚሞላ አንድ ወጥ ድምፅ ሰጡኝ። በቱነር ስለካው ድግግሞሹ 220 ኸርዝ ግድም ነው። ፋይሉን ላፕቶፔ ላይ ቫይታል በተባለው ነፃ ሲንተሳይዘር (ድምፅ የሚያመነጭ ፕሮግራም) ውስጥ እንደ ዌቭቴብል ጫንሁትና በኪቦርድ ልጫወተው ተቀመጥሁ።

የወጣው ድምፅ ግን ማሲንቆ አይደለም። 220 ኸርዝ ሊሰጠኝ የሚገባውን ቁልፍ ስጫን ከሦስት ኦክታቭ በላይ የቀጠነ ፉጨት ይሰማል፤ ከፉጨቱ ሥር ደግሞ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ የሚያጉረመርም ነገር አለ። የፍሬሙን ቦታ የሚቀይረውን ማዞሪያ ወዲያና ወዲህ ሳዞረው ንቡ ይጨምራል ይቀንሳል እንጂ ማሲንቆው አይመጣም። ስህተቴ የቱ ላይ ነው? ከዚያም አልፎ፣ ዌቭቴብል ድምፅ የሚፈጥረው እንዴት እንደሆነ ከሥር ከመሠረቱ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ኪቦርድ ስገዛ ሻጩ «ይህኛው ዌቭቴብል ነው» ብሎ ዋጋ ጨምሮብኝ ነበር፤ በዚያ ኪቦርድ ውስጥ ያለው ማሲንቆ ደህና ሆኖ ሲሰማ የእኔው ለምን ንብ እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)

ወንድሜ፣ ጥፋቱ የአጎትዎም የስልክዎም አይደለም፤ ፋይሉ የገባበት መንገድ ነው። ይህን ለማየት ግን በመጀመሪያ ኦሲሌተሩ (በሲንተሳይዘሩ ውስጥ ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል) በውስጡ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝና ቁጥር ብጠቅስ ይታገሡኝ።

ዌቭቴብል ኦሲሌተር ቅጂ አያጫውትም። በማኅደሩ ውስጥ የሚቀመጠው የሞገዱ አንድ ዑደት ብቻ ነው፤ እርሱም በቁጥሮች ረድፍ ተጽፎ ነው የሚቀመጠው። እርስዎ በያዙት ሶፍትዌር አንዱ ዑደት 2048 ቁጥሮች አሉት። እያንዳንዱ ቁጥር በዚያች ቅጽበት የስፒከሩ ወረቀት ምን ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መገፋት እንዳለበት ይናገራል። ረድፉ ሲያልቅ ንባቡ ከመጀመሪያው ይቀጥላልና፣ ረድፍ ከምንለው ይልቅ ክብ ብንለው ይሻላል።

ክብ ካልን ደግሞ እኛ ወሎዬዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ሙስበሃ ወይም መቁጠሪያ የሌለበት ቤት የቱ ነው? 2048 ፍሬዎች የተሰኩበት አንድ ትልቅ ሙስበሃ ያስቡ፤ በየፍሬው ላይ አንድ ቁጥር ተጽፏል። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 44100 ጊዜ አንድ ፍሬ ይነካና የተጻፈበትን ቁጥር ወደ ስፒከሩ ይልካል። የመንካቱ ፍጥነት ለወፍራምም ሆነ ለቀጭን ድምፅ አንድ ነው፤ የሚለወጠው በሁለት ንኪያ መካከል ስንት ፍሬ እንደሚታለፍ ነው። ክቡ አንድ ጊዜ ሲዞር አንድ ዑደት ተፈጸመ ማለት ነውና፣ 440 ኸርዝ ማለት በሰከንድ 440 ሙሉ ዙር ማለት ነው። ስለዚህ እርምጃው 440 በ2048 ተባዝቶ ለ44100 ሲካፈል 20.43 ፍሬ ይሆናል። ለ220 ኸርዝ እርምጃው የዚያ ግማሽ ነው፤ 10.22 ገደማ።

እዚህ ላይ ብልህ ተማሪ «20.43ኛው ፍሬ የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የለም። በ20ኛውና በ21ኛው ፍሬ መካከል የሚወድቅ ነጥብ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ከ20ኛው ቁጥር 57 በመቶውን፣ ከ21ኛው 43 በመቶውን ወስዶ ይደምራቸዋል። ከዚህ የተራቀቁ ዘዴዎችም አሉ፤ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው። ይህን ዓይነቱን ከሠንጠረዥ የሚያነብ ኦሲሌተር ማክስ ማቲውስ በአሜሪካው ቤል ላብስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በጻፋቸው የሙዚቃ ፕሮግራሞች ውስጥ ተጠቅሞበታል፤ ምክንያቱም የሳይን ዋጋን በየቅጽበቱ እንደገና ማስላት ለዚያን ጊዜ ኮምፒውተር እጅግ ከባድ ነበር፤ አንድ ጊዜ አስልቶ ጽፎ ማንበብ ግን ቀላል ነው።

ቅኝትን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ግራ መጋባት ስለማይ ነው። አምባሰል፣ ባቲ፣ ትዝታ ወይም አንቺ ሆዬ የሚሆነው የእርምጃው ልክ ነው፤ በኖታና በኖታ መካከል ያለው ርቀት ማለቴ ነው። በፍሬዎቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚወስነው ግን የድምፁን ቀለም ነው። ስለዚህ «የባቲ ዌቭቴብል አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ «የአምባሰል ክራር እንጨት አላችሁ ወይ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ሰባተኛ ኦክታቭ (ኮምቦልቻ)

መምህር በጀመሩት ላይ ልቀጥል። እኔ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ የጠያቂውን ንብ ደግሞ ከዚህ በፊት በራሴ ላፕቶፕ አግኝቼዋለሁ።

ስልክዎ የቀዳው በሰከንድ 48000 ናሙና (የሞገዱን ከፍታ የሚናገር ቁጥር) ከሆነ፣ የ220 ኸርዝ አንድ ዑደት 218.18 ናሙና ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ረጅም ፋይል ሲሰጡት፣ ሌላ ዘዴ ካልመረጡለት በስተቀር፣ በየ2048 ናሙናው እየቆረጠ እያንዳንዱን ቁራጭ «አንድ ዑደት ነው» ብሎ ይቀበለዋል። በዚያ ቁራጭ ውስጥ ስንት የማሲንቆ ዑደት እንደገባ 2048ን ለ218.18 ያካፍሉት፤ 9.39 ይመጣል። እንግዲህ ኪቦርዱ ላይ 220 ሲጫኑ መምህር የነገሩን ክብ በሰከንድ 220 ጊዜ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ግን አጎትዎ ዘጠኝ ጊዜ ከሲሶ ያህል ይሰማሉ። ከሦስት ኦክታቭ በላይ የቀጠነው ለዚህ ነው፤ ሦስት ኦክታቭ ስምንት እጥፍ ነውና።

ንቡም ከየት እንደመጣ ከዚሁ ይታወቃል። 9.39 ሙሉ ቁጥር አይደለም። ቁራጩ የሚያልቀው በአሥረኛው ዑደት መካከል ነው፤ ንባቡ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ሞገዱ ከአንድ ከፍታ ወደ ሌላ ከፍታ በድንገት ይዘላል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢዘል «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰምተው ያልፉት ነበር፤ በሰከንድ 220 ጊዜ ሲዘል ግን ጠቅታነቱ ቀርቶ ራሱን የቻለ የ220 ኸርዝ ጉርምርምታ ይሆናል።

ስለዚህ ፋይሉን በድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ከፍተው የሞገዱ መስመር እስኪታይ ድረስ ያጉሉት። ደጋኑ ከተረጋጋበት ከመካከሉ አንድ ዑደት ይምረጡ፤ መስመሩ ከታች ወደ ላይ ዜሮን ከሚያቋርጥበት ነጥብ ጀምረው፣ ያው ቅርፅ እንደገና ወደሚጀምርበት ነጥብ ድረስ ይቁረጡ። ከዚያም ያንን 218 ናሙና ወደ 2048 ዘርግተው ይጫኑት።

ፒያሳ ኪቦርድ (ደሴ)

ስለ ኪቦርዱ የተነሣውን እኔ ልመልስ፤ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ስጫወት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ይህች «ዌቭቴብል» የምትባል ቃል ስንት ሰው ኪስ እንዳራቆተችም አይቻለሁ። ሻጩ የሸጠልህ ዌቭቴብል ሳይሆን ሳምፕል የሚያጫውት ኪቦርድ ነው። በውስጡ ያለው ማሲንቆ አንድ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ የተጫወተው፣ ከነደጋኑ መነሻ ከነመጨረሻው የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ቁልፍ ስትጫን ቅጂው ይለቀቃል፣ ሲረዝም መካከሉ ይደጋገማል። ቃሉ የተበላሸው ድሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኮምፒውተር ሳውንድ ካርድ የሚሸጡ ድርጅቶች የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውቱትን ካርዶች «ዌቭቴብል» እያሉ ስላስተዋወቋቸው፣ ስሙ በዚያው ተለጥፎ ቀረ። ሻጩም ሳይዋሽህ አልቀረም፤ ግን ውሸቱን የተማረው ከካርቶኑ ላይ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ዌቭቴብል የቮልፍጋንግ ፓልም ሥራ ነው። ጀርመናዊ ነው፤ ሃምቡርግ ላይ ፒፒጂ የሚባል ድርጅት ነበረው። በዚያን ጊዜ የነበሩት አናሎግ ሲንተሳይዘሮች መነሻቸው መጋዝ፣ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን የምንላቸው ጥቂት ሞገዶች ብቻ ነበሩ፤ ቀለም የሚቀየረው ከድምፁ ውስጥ የተወሰነውን ድግግሞሽ በሚቀንስ ፊልተር ነው። ፓልም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በሠራው ዌቭኮምፒውተር 360 ላይ ፊልተሩን ጭራሽ ትቶ፣ ብዙ ዑደቶችን በተርታ ደርድሮ ከአንዱ ወደ አንዱ በመሻገር ቀለም ለመቀየር ሞከረ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ድምፁ ግን ሰለለ፤ ሻከረም። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ዌቭ 2 ላይ ከዲጂታል ኦሲሌተሮቹ በኋላ አናሎግ ፊልተር ሲጨምርበት ነው ዓለም የሰማው። ድርጅቱ በ1987 ቢዘጋም ዋልዶርፍ የተባለው ሌላ የጀርመን ድርጅት በ1989 ማይክሮዌቭ በሚለው መሣሪያ ቀጠለበት።

ልብ በል፤ የስሙ ፍሬ ነገር «ቴብል» የሚለው ነው። መምህር የነገሩህ አንዱ ሙስበሃ ነው። ዌቭቴብል ግን በተርታ የተሰቀሉ ብዙ ሙስበሃዎች ነው፤ እያንዳንዱ ሙስበሃ ፍሬም ይባላል፤ በፓልም መሣሪያ 64፣ አንተ በያዝኸው እስከ 256።

የቦርከናው (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ዘግይቼ ነው የሞከርሁት። እኅቴ ሰባተኛ ኦክታቭ እንዳለችው አንድ ዑደት ቆርጬ ወደ 2048 ዘርግቼ ጫንሁ። ፉጨቱም ንቡም ጠፍተዋል፤ ኖታዎቹም በትክክል ይመጣሉ። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት ለአጎቴ በኢርፎን ባሰማቸው ጥቂት አድምጠው፣ «ይህማ የአውቶቡስ ጥሩምባ ነው» ብለው መለሱልኝ። ልክ ናቸው። ድምፁ ይጀምራል፣ ባለበት ይቀጥላል፣ ያቆማል፤ በመካከሉ ምንም የለም። ደግሞ ወደ ቀጭኑ ኖታዎች ስወጣ ማሲንቆው እያነሰ እያነሰ የሕፃን መጫወቻ ይሆናል። ቁጥሮቹ የተወሰዱት ከራሱ ከማሲንቆው ሆነው ሳለ ለምን ይህ ይሆናል?

ከጦሳ ሥር (ደሴ)

አጎትዎ ጥሩ ጆሮ አላቸው። የጠየቁት ሁለት ነገር ነውና ለየብቻ እንየው፤ ስለ ጥሩምባው ሌሎች ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ፣ እኔ ስለ ሕፃኑ ማሲንቆ ልናገር።

በደጋን የሚሳብ ጭራ ይያዛል፣ ያመልጣል፣ ይያዛል፣ ያመልጣል። ደጋኑ ጭራውን ይዞ ቀስ ብሎ ይጎትተዋል፤ ጭራው ውጥረቱ ሲበዛበት በድንገት አምልጦ ይመለሳል። ይህን ሄርማን ቮን ሄልምሆልዝ የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቫዮሊን ላይ አጥንቶታል። ቀስ ብሎ ወጥቶ በድንገት የሚወርድ መስመር ደግሞ የመጋዝ ጥርስ ነው፤ እርስዎም የቆረጡትን ዑደት በስክሪኑ ላይ ቢያዩት መጋዝ ሆኖ ፊቱ የተጨማደደ ይመስላል። መጋዙ የጭራው ነው። ጭምድዳቱ ግን የእንጨቱና በላዩ የተወጠረው የቆዳው ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቆዳውና ሳጥኑ የሚያጎሉት ድግግሞሽ ቦታው የማይነቃነቅ ነው። ለምሳሌ ያህል ሳጥኑ 880 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ያጎላል እንበል፤ በ220 ሲጫወቱ የሚጎላው አራተኛው ሐርሞኒክ (በኖታው ውስጥ ያለው፣ ድግግሞሹ የኖታው አራት እጥፍ የሆነው ድምፅ) ነው፣ በ440 ሲጫወቱ ደግሞ ሁለተኛው ይሆናል። እርስዎ በ220 ቆርጠው ያስቀመጡት ዑደት ግን «አራተኛው ይጉላ» የሚል ትእዛዝ ሆኖ ተጽፏል። ያንኑ በ440 ሲያጫውቱት አራተኛው ሐርሞኒክ 1760 ላይ ስለሚውል የሚጎላውም እዚያ ነው። ሳጥኑ ራሱ በግማሽ ያነሰ ያህል ማለት ነው፤ ጆሮ ደግሞ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ስለዚህ ጭምድዳቱን ከሠንጠረዡ አውጥተው ለፊልተሩ ይስጡት፤ ከኦሲሌተሩ በኋላ ቦታው ከኖታው ጋር የማይንቀሳቀስ ማጉያ ያስገቡና፣ በሠንጠረዡ ውስጥ ለመጋዙ የቀረበውን ያስቀሩ። ፓልም ከመጀመሪያው መሣሪያው በኋላ ፊልተር የጨመረበት ምክንያት ሌላም ሊኖረው ይችላል፤ ለእኛ ግን ይህ አንዱ ጥቅሙ ነው።

ሰባተኛ ኦክታቭ (ኮምቦልቻ)

ወደ ቀጭኑ ሲወጣ ስለሚመጣው ሌላ ችግር መምህርን አስፈቅጄ በሙስበሃቸው ላስረዳ። 33 ፍሬ ያለው ሙስበሃ የያዘ ሰው በአንድ ጊዜ 32 ፍሬ ወደ ፊት እየዘለለ ቢቆጥርና እኛ ጣቱ ሲያርፍ ብቻ ብናይ፣ በየጊዜው አንድ ፍሬ ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስለናል። ከግማሽ ክብ በላይ የሚዘልል ሁሉ እንዲህ ነው፤ ፈጣኑ ዘገምተኛ፣ ወደ ፊት የሚሄደው ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። በድምፅም እንዲሁ ነው። በሰከንድ 44100 ጊዜ በሚነካ ሥርዓት ከ22050 ኸርዝ በላይ የሆነ ሐርሞኒክ በቦታው አይሰማም፤ ታጥፎ ወደ ታች ይመለስና ከኖታው ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ፉጨት ይሆናል።

በ55 ኸርዝ ባስ ላይ ከዚህ ወሰን በታች 400 ሐርሞኒክ ይገባል። በ440 የሚገባው 50 ነው። በ1760 ደግሞ 12 ብቻ። መጋዝ መሰሉ ማሲንቆ ሐርሞኒኩ ብዙ ነውና፣ ያው አንድ ሠንጠረዥ ለሁሉም ኖታ ቢነበብ የላይኞቹ ቁልፎች ይበላሹ ነበር። ስለዚህ በደንብ የተሠሩት ሶፍትዌሮች የእያንዳንዱን ዑደት ብዙ ቅጂ ያዘጋጃሉ፤ ለወፍራሞቹ ኖታዎች ሙሉውን፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን ከመጠን ያለፉት ሐርሞኒኮች የተቆረጡለትን። ይህን ቫይታል ራሱ ስለሚሠራልዎት አያስቡበት፤ እኔ ግን የራሴን ኦሲሌተር ለመጻፍ ስሞክር ይህን ዘልዬ ሁለት ሳምንት ፉጨት ሳባርር ኖሬአለሁ። የሚገርመው በድሮዎቹ የፒፒጂ መሣሪያዎች ላይ ይህ መታጠፍ ይሰማ ነበር፤ ዛሬ ያንን ሸካራነት ወድደው የሚፈልጉት ብዙ ናቸው።

ፒያሳ ኪቦርድ (ደሴ)

ወደ ጥሩምባው እንመለስ። አንድ ዑደት ሲደጋገም በፍጹም አንድ ዓይነት ሆኖ ነው የሚደጋገመው፤ በተፈጥሮ ግን እንዲህ የሚሆን ድምፅ የለም። አጎትህ ደጋኑን ሲያሳርፉ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ሲስቡ ይከፈታል፣ ሊያቆሙ ሲሉ ይጨልማል። አንተ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከአንድ ሰከንድ ላይ ሁለት መቶ ሃያኛውን ቆርጠህ ወሰድህ። አንድ ሰው ፎቶግራፍ ተነሥቶ «ለምን አይራመድም?» እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ሳይሆን አሥራ ስድስት ዑደት ውሰድ። ከሦስቱ ሰከንድ እኩል እኩል አታካፍል፤ ይህ የብዙ ሰው ስህተት ነው። ለውጡ የሚበዛው ደጋኑ ጭራውን በነካበት በመጀመሪያው ሩብ ሰከንድ ስለሆነ ሰባት ስምንቱን ከዚያ ውሰድ፤ ከመካከሉ ሦስት ይበቃሃል፤ የቀረውን ከማብቂያው። በፍሬሞቹ መካከል ያለውን ሶፍትዌሩ እያቀላቀለ ይሞላልሃል። ፓልምም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ 64ቱም ዑደት በሙሉ ተጽፎ አይቀመጥም ነበር፤ ጥቂት ዋና ዋናዎቹ ተቀምጠው የመካከሎቹ በስሌት ይሞላሉ፤ ሜሞሪ ውድ ነበራ።

ከዚያ የፍሬሙን ቦታ በኢንቨሎፕ (ቁልፍ ሲጫንና ሲለቀቅ አንድን ነገር በጊዜ የሚቀይር መቆጣጠሪያ) አንቀሳቅሰው፤ ቁልፉ ሲጫን ከመጀመሪያው ፍሬም ተነሥቶ በፍጥነት ወደ መካከል ይምጣ፣ ጣትህን ስታነሣ ወደ መጨረሻዎቹ ይሂድ። በመካከሉ ቆሞ እንዳይቀር ደግሞ ቀርፋፋ ኤልኤፍኦ (ራሱን እየደገመ ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዝ መቆጣጠሪያ) አስገባና በሁለት ሦስት ፍሬም መካከል ያመላልሰው። ኪቦርድህ ላይ የሞጁሌሽን ጎማ ካለ ያንንም ከፍሬሙ ቦታ ጋር አገናኘው፤ ደጋን የምትስበው በግራ እጅህ ይሆናል። የደጋኑን ፉሽታ ግን ዌቭቴብል አይሰጥህም፤ የሚደጋገም ዑደት ከኖታው ሐርሞኒኮች በቀር ሌላ ነገር ሊይዝ አይችልምና፣ ትንሽ ኖይዝ ለብቻ ጨምርበት።

እውነቱን ለመናገር ግን ለሠርግ የምትጫወተው ከሆነ ሳምፕሉ ይሻልሃል፤ ማሲንቆ ፈላጊው ሕዝብ ማሲንቆ ነው የሚፈልገው።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)

በመጨረሻው ላይ ከጋሼ ጋር አልስማማም። ሳምፕል ማሲንቆን ይመስላል፤ ነገር ግን ከተቀዳው ውጭ የትም አይሄድም። በዌቭቴብል የመጀመሪያው ፍሬም ማሲንቆ፣ የመጨረሻው ደግሞ ዋሽንት ቢሆን፣ በመካከል ያለው ድምፅ በየትኛውም አዝማሪ እጅ ያልነበረ ነው። ጠያቂው ይህን ያህል የደከመው ኪቦርዱ ውስጥ ቀድሞውኑ ያለውን ለመድገም ከሆነ ድካሙ ያሳዝናል።

ፒያሳ ኪቦርድ (ደሴ)

መምህር፣ ሙሽራው ዋሽንት ሊሆን ሲል ያቆመ ማሲንቆ ቢሰማ የእጄን የሚከፍለኝ አይመስለኝም። ለቅንብር ሥራ ከሆነ ግን እስማማለሁ።

የቦርከናው (ኮምቦልቻ)

አሥራ ስድስቱን ፍሬም ሠራሁ። ልዩነቱን በጽሑፍ ለመግለጽ ይከብደኛል፤ ድምፁ መተንፈስ ጀምሯል። መምህር እንዳሉት 900 ኸርዝ አካባቢ የማይንቀሳቀስ ማጉያ ስጨምርበትም የላይኞቹ ኖታዎች አላነሱም።

አንድ ነገር ግን አስቸግሮኛል። ከስድስተኛው ወደ ሰባተኛው ፍሬም ሲሻገር ድምፁ በመካከል ይዋጣል። ስድስተኛው ላይ ሙሉ ነው፣ ሰባተኛውም ላይ ሙሉ ነው፤ ልክ መካከላቸው ላይ ግን ውፍረቱ ጠፍቶ ቀጭን ቅሪት ብቻ ይሰማል። ሁለቱን ለየብቻ ሳጫውታቸው በጆሮ መለየት እንኳ ይከብዳል። ሁለት ተመሳሳይ ድምፆች ሲቀላቀሉ እንዴት ዝምታ ይወጣል?

ሰባተኛ ኦክታቭ (ኮምቦልቻ)

ሰባተኛውን ሲቆርጡ የጀመሩት መስመሩ ወደ ታች ሲወርድ ዜሮን ከሚያቋርጥበት ነጥብ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱን ፍሬሞች ጎን ለጎን ይመልከቷቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድ ከሆነ ነገሩ ተገኘ።

ቅልቅሉ የሚሠራው ፍሬ ለፍሬ ነው። የስድስተኛው 500ኛ ፍሬ 0.8 ሆኖ የሰባተኛው 500ኛ ፍሬ ከዜሮ በታች 0.8 ቢሆን፣ የሁለቱ አማካይ ዜሮ ነው። ይህ በመሠረታዊው ሐርሞኒክ ላይ በክቡ ዙሪያ በሙሉ ሲደርስ ውፍረቱ ይጠፋል፤ የሚተርፉት አጋጣሚ ሆነው ያልተቃረኑት የላይኞቹ ሐርሞኒኮች ናቸው፤ የሰሙት ቀጭን ቅሪት እርሱ ነው። ለየብቻ ሲሰሙ የማይለዩት ደግሞ፣ ክብን ከየትኛው ፍሬ ጀምረው ቢቆጥሩት ዙሩ ያው ስለሆነ ነው፤ በሚደጋገም ድምፅ ላይ ጆሮ የመነሻውን ቦታ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ቅልቅል ግን ይቆጥረዋል።

መድኃኒቱ ሰባተኛውን ፍሬም በግማሽ ክብ፣ ማለትም በ1024 ፍሬ ማዞር ነው። ይህ የድምፁን ቀለም ምንም አይነካውም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስተካከል ከፈለጉ በዜሮ ማቋረጫ ብቻ አይመኩ፤ የማሲንቆ ዑደት ጭምድድ ስለሆነ በአንድ ዙር ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ዜሮን ሊያቋርጥ ይችላል፤ እርስዎም የተሳሳቱት በዚህ ይመስለኛል። በሐርሞኒክ በሚያሳየው የዌቭቴብል ማረሚያ ገብተው በሁሉም ፍሬሞች ላይ የመጀመሪያውን ሐርሞኒክ ፌዝ (በክቡ ላይ የሚነሣበትን ቦታ) አንድ ዓይነት ያድርጉት፤ የላይኞቹ አብረውት እንዲዞሩ ሆኖ ማለቴ ነው። የሁሉንም ሐርሞኒክ ፌዝ ወደ ዜሮ የሚያመጣውም ዘዴ ይሠራል፤ ያኔ ግን የሞገዱ መልክ ይለወጣል፣ ከፊልተሩ በፊት ድምፁን የሚያሻክር ዲስቶርሽን ካለዎትም ልዩነቱ ይሰማል።

የቦርከናው (ኮምቦልቻ)

ነበር፤ ሰባተኛውና አሥራ ሁለተኛው ሁለቱም ተገልብጠው ነበር። በ1024 አዞርኋቸውና ጉድጓዱ ተዘጋ። አሥራ ሁለተኛውና አሥራ ሦስተኛው መካከል ብቻ አሁንም ትንሽ መንሸራተት አለ፤ ፋይሉን አጉልቼ ሳየው እዚያ ላይ ዑደቱ ከ218 ወደ 214 ናሙና አጥሯል።

ዛሬ ከሰዓት እንደገና ወደ አጎቴ ቤት ወስጄ አሰማኋቸው። ኢርፎኑን አውልቀው፣ «ጥሩምባነቱ ለቆታል፤ ማሲንቆ ግን አይደለም» አሉ። ስለ መንሸራተቱ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ፤ ሊጨርሱ ሲሉ ጣታቸው ሳያስቡት ጭራውን ነክቶት ኖሯል። ጭራው ራሱም አርጅቶ ስለነበር አዲስ ሊያስሩበት ነው፤ እሑድ ጣታቸውን አንሥተው እንደገና ሊስቡልኝ ተስማምተዋል፤ በዚያው ቀን አንድ ዋሽንት ነፊ ጎረቤታቸውንም እቀዳለሁ።

ሰባተኛ ኦክታቭ (ኮምቦልቻ)

እሑድ ሲቀዱ ስልኩን ከሳጥኑ ፊት አንድ ክንድ ያህል አርቀው ያስቀምጡት፤ የስልኩ መቅጃ ድምፁን በራሱ የሚያጎላና የሚቀንስ ከሆነም ያንን ያጥፉት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያዎቹ ፍሬሞች ከመካከሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ጉልበታቸው የተዛባ ይሆናል። ለዋሽንቱ አራት ፍሬም ይበቃዎታል።